ለስላሳው ጨርቅ

"አራት ወር ያልሞላው ሽጉጥ!" አለ ሚስተር፣ ቤይሩት አጠገብ ሐዝሚዬ ባለው ቤቱ በረንዳ ላይ ለእንግዳው እያሳየ። "ሦስተኛው ጥይት ላይ ይቀረቀራል። ቀለሙ ደግሞ፣ ያኒ፣ እንደ ሽንኩርት ይላጣል! እንዲህ ተሠርቶ ይሸጣል?"

የቤት ሠራተኛዋ ነስሪያ ሳህን ልታነሳ ብቅ ስትል በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ሰውየው ሽጉጡን በዘይት የሚወለውልበት ጨርቅ የምትሰግድበት ነጭ ሻሿ ነበር። ጠዋት አጥባ፣ ከመወልወያዎቹ ለይታ፣ ገመዱ ጫፍ ላይ ያሰጣችው። ያን ሁሉ ቡትቶ አልፎ የእሷን መረጠ፤ ለብረቱ ለስላሳ ያስፈልገዋላ! ደሟ ፈላ።

"ሚስተር፣ ይስጡኝ" ብላ እጇን ዘረጋች።

ፊቱን እንኳ ሳያዞር ሽጉጡን ከነሻሹ መዳፏ ላይ አኖረው። "ያላ፣ መሳቢያው ውስጥ ክተቺው። እንዳትጭሪው!"

ነስሪያ ሻሹን ከብረቱ ላይ ቀስ አድርጋ ፈታች፤ ዘይቱ መሀሉን አጥቁሮታል። እንግዳው ማላመጡን አቆመ። እሷም ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ በጨው ውሃ ከቀረበው የወይራ ፍሬ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ እስከ እጀታው ነከረችው።

"ያ የእርስዎ ነው" አለች ሻሿን እያጣጠፈች። "ይሄ ግን አላህ ፊት የምቆምበት ነው።"