ሞስኮ ላይ ባሸነፍን ቀን ኮልፌ ላይ የተለቀሰው

"ይገዙ… ልጄ…"

በላይነሽ አፏን በእጇ የያዘችው ቃሉ ካመለጣት በኋላ ነው።

እልልታው ቀጥ አለ።

ጊዜው ሐምሌ 1972 ነው። ኮልፌ፣ ቀበሌው ደጃፍ ላይ፣ ሕዝቡ ጭቃ ውስጥ ቆሞ በመስኮት የወጣውን ሬዲዮ ያዳምጣል።

የእኛ ሯጭ ሞስኮ ላይ ሁለተኛውን ወርቅ ወስዷል… ከደቂቃ በፊት ሰው ሁሉ ተቃቅፎ ነበር።

ለዓመታት ሰላምታ የተነፋፈጉ ጎረቤታሞች ሳይቀሩ።

ብዙው ሰው በደስታ እያለቀሰ ነበር። በላይነሽም ሌላው ሲያለቅስ አይታ ነው የጀመረችው።

ደስ ብሏት ግን አልነበረም…

ማልቀስ ከተከለከለች ሁለት ዓመት ተኩል ሆኗታል።

ልጇ ይገዙ ጥር 1970 ከአልጋው ተነሥቶ ተወሰደ። በማግስቱ አስኮ መንገድ ዳር ተጥሎ ታየ፣ ደረቱ ላይ ወረቀት ተለጥፎበት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ሬሳውን መኪና ወሰደው፣ የት እንደቀበሩት የነገራት የለም።

ለፀረ አብዮተኛ አይለቀስም ተባለች።

ድንኳን የለም። ነጠላ ማዘቅዘቅ የለም። ጎረቤት ገብቶ እንዳያጽናናት በራፏ ላይ ሳምንት ሙሉ ጥበቃ ቆመ።

እሷም ድንቿን ተሸክማ ገበያ ወጣች… ምን ታድርግ።

ግድግዳ የምትጋራት ዋጋነሽ ግን የይገዙ ሬሳ የታየ ቀን እልል ብላ ነበር።

የዋጋነሽ ልጅ ደሜ የቀበሌ ጥበቃ ነበር። ይገዙ ከመሞቱ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ እዚያው ሰፈር በጥይት ተገደለ። ገዳዩን ያየ ሰው የለም። ይገዙ ነው ተባለ… አለቀ።

ለደሜ ድንኳን ተጣለ። ሬሳው ባንዲራ ለበሰ። የሙዚቃ ጓድ መጣ።

ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ቦኖ ላይ ውሃ ለመቅዳት እንኳ ሁለት ሰልፍ ነበር፤ አንዱ የዋጋነሽ ወገን፣ አንዱ የበላይነሽ ወገን።

እና ዛሬ በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት የይገዙ ስም ተጠራ…

ከሌላ ቀበሌ በቅርቡ ተዛውሮ የመጣው ካድሬ ሰዉን እየገፋ መሀል ገባ።

"ይገዙ ማነው?"



 በላይነሽ ቤት ውስጥ አሥር ዓመት ያልሞላት ሴት ልጅ አለቻት። እሷ ከታሰረች ልጅቷን የሚያያት ሰው የለም።

ሰዉ ሁሉ ዋጋነሽን ያያል። ከእሷ አንድ ቃል ትበቃለች። ይህን ቀን ስትጠብቅ ነው የኖረችው ብለው ያሰቡም ነበሩ።

ዋጋነሽ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች…

አዘቅዝቃ ለበሰችው። እንደ ሐዘንተኛ።

"የኔ ልጅ ነው" አለች። "ደሜን ቤት ውስጥ ይገዙ ነበር የምንለው። በደስታችን ቀን ልጄን ብታስታውስልኝ ምን አጠፋች?"

ውሸት ነው። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል።

ካድሬው ወደ ጥበቃው ወደ ጀማል ዞረ። "እውነቷን ነው?"

ጀማል የደሜ የልብ ጓደኛ ነበር… ይገዙን ከአልጋው አንሥተው ከወሰዱትም አንዱ እሱ ነው።



"አዎ ጓድ" አለ። "እኔም ይገዙ ነበር የምለው።"

ካድሬው ቆቡን አወለቀ። ለሰማዕት ይለቀሳል አለ።

ከዚያማ ማን ይቻለው…

ዋጋነሽ ሙሾ አወረደች፣ ሴቶቹ ተቀበሉ። ቦኖ ላይ ተለያይተው የሚሰለፉት ሁሉ አንድ ላይ ደረታቸውን እየደቁ ይገዙን ጠሩት። በሬዲዮው መዝሙር ይሰማል፣ መንገዱ ላይ ለቅሶ። በላይነሽ ድምጿ እስኪዘጋ አለቀሰች።

እዚህ ላይ "ሰፈሩም አንድ ሆነ" ብለን ብንጨርስ ደስ ባላችሁ።

በማግስቱ በላይነሽ አንድ ቁና ድንች ይዛ የዋጋነሽን በር አንኳኳች። ልታመሰግናት፣ ለምን እንዳዳነቻትም ልትጠይቃት።

ዋጋነሽ በሩን ገርበብ አደረገችው። ድንቹን አልተቀበለችም።

"ልጅሽ ወድቆ እልል ማለቴ እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር" አለች። "ትናንት ያን ዕዳዬን ከፈልኩ። ልጄን ግን አልረሳሁም። ሁለተኛ በሬ ላይ እንዳትመጪ።"

አልመጣችም።

አሥራ አንድ ዓመት ግድግዳ ተጋርተው አንድ ቃል ሳይለዋወጡ ኖሩ። ቦኖ ላይ ያለው ሰልፍም ሳምንት ሳይሞላው ተመልሶ ሁለት ሆነ።

ካድሬው ግን የሰማው ነገር ልቡን ነክቶታል። በወሩ ቀለም ቀቢ አስመጥቶ በቀበሌው አዳራሽ የሰማዕታት ሰሌዳ ላይ ስሙን አስተካከለ…

"ጓድ ደሜ (ይገዙ)"።

በላይነሽ የራሽን ስኳር ልትወስድ በሄደች ቁጥር ልጇን እዚያ ታነበዋለች። በቅንፍ ውስጥ፣ ገደልከው ተብሎ ከተገደለበት ሰው ስም ጎን። ሌላ መቃብር ስለማታውቅለት በልቧ ተሳልማው ትወጣ ነበር።

በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ሰሌዳውን ነቅለው ለማገዶ ፈለጡት።

ደሜም ይገዙም አብረው ነደዱ።

ስፖርት አንድ ያደርገናል ይባላል። ያደርገናል… ሬዲዮው እስኪዘጋ ድረስ። ያን ቀን ድሉ በር ከፈተ እንጂ በበሩ ያለፈችው አንዲት ልቧ የቆሰለ ሴት ናት፣ እሷም ወዲያው ተመለሰች። አብሮ የጨፈረ ሕዝብ ሞልቷል… አንዱ የሌላውን ሬሳ የሚያለቅስ ሕዝብ ግን እስካሁን አልሆንንም።

እናንተስ?

ልጃችሁን ገደለ ለተባለ ልጅ የልጃችሁን ለቅሶ ትሰጡ ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልን… ለላይክ ብላችሁ ሳይሆን እውነቱን።