ከቢሮው ጀርባ

የፈቃድ ኃላፊው የሴትዮዋን ማመልከቻ እንደ ቆሸሸ ጨርቅ በሁለት ጣታቸው አንስተው መለሱላት። ምግብ የምትሸጥባትን መኪና ከቢሮው ጀርባ ለማቆም ፈቃድ ስትጠይቅ ስድስት ወር ሆኗታል።

«መኪና ላይ የተሠራ ምግብ ሰው አይበላውም» አሏት።

«ጌታዬ፣ የዚህ ቢሮ ሠራተኛ ሁሉ ደንበኛዬ ነው። ይጠይቁልኝ።»

«ሆዱ ይሙላ እንጂ ያገኘውን የሚበላ ሞልቷል። ለእሱ ብዬ ከተማ አላበላሽም።»

ወዲያው ስልክ አንስተው ደንብ አስከባሪዎቹን ጠሩ። እሷ ደረጃውን ወርዳ ስትደርስ መኪናዋ እየተጎተተች ነበር።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ጸሐፊያቸው ባዶ እጇን ገባች። ኃላፊው እጃቸውን ታጥበው ይጠብቁ ነበር።

«ያ የምወደው ቋንጣ ፍርፍርስ?» አሏት።

«ሁልጊዜ የምገዛልዎት ከሴትዮዋ መኪና ነበር» አለች ጸሐፊዋ። «ትናንት አስነሷት እኮ።»