የአባቴ በርኖስ ከአዲስ አበባ ሲመለስ

በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. የቴሌቪዥን ሰዎች በጣሊያን ጊዜ ስለነበረ ፍቅር የተጻፈ ልብ ወለድ በድራማ ሊሠሩ ነው ተባለና የአርበኛ ልብስ ፍለጋ ሞላሌ ድረስ መጡ። እናቴ የአባቴን በርኖስ አዋሰቻቸው። አባቴ ጣሊያንን ሊወጋ ከሄደበት ዘመቻ አልተመለሰም፤ የተመለሰው በርኖሱ ብቻ ነው። ሃያ አምስት ዓመት በሳጥን ያኖረችውን አጥባ፣ ሸራ ውስጥ ሰፍታ ሰጠቻቸው።

በወሩ መልሰው ላኩት። የሸራውን ስፌት በቢላ ቀድጄ በርኖሱን ስዘረጋው ኮሌታው በቅማል ይርመሰመሳል። የላብ ሽታው አፍንጫዬን መታኝ።

«ምን ዓይነት ቆሻሾች ናቸው! ተዋናይ ተብዬው ገላውን አይታጠብም?» አልኩ።

አብሮት የመጣውን ደብዳቤ ለእናቴ አነበብኩላት። «ድራማው ስለቀረ ጥቅሉን ሳንከፍት መልሰናል» ይላል።

እናቴ የቀደድኩትን ስፌት አገላብጣ አየችው። «ክሩ የእኔ ነው፤ ቋጠሮውም የእኔ» አለች። አንዱን ቅማል በሁለት አውራ ጣቶቿ ጥፍር ጨፈለቀችው። ትኩስ ደም ፈነጠቀ።

«ቅማል ያለ ሰው ገላ ሳምንት አይቆይም» አለች። የበርኖሱን ጀርባ ዳበሰችና እጇ እዚያው ቀረ።

«ማናለብሽ፣ እስቲ ንኪው።»

እየቀፈፈኝ ነካሁት። እንደ ሰው ገላ ይሞቃል።