ከመስታወቱ ላይ የጠፋው ሰው

ዓመተ ምሕረቱን ልሳሳት እችላለሁ፤ ሁለት ሺህ ሁለት ይመስለኛል። አንዳንዱን ንግግርም ቃል በቃል አልያዝኩት ይሆናል። ወሩ ግን ጥር ነው፤ ሰርግ በሰርግ ላይ የሚደራረብበት ጊዜ ነበር።

አቶ ሣህለ ማርያም ቢቸና ላይ ፎቶ ቤት ነበራቸው። በስተርጅና ደብረ ማርቆስ ሦስት ወር ተቀምጠው ፎቶ በኮምፒዩተር ማስተካከል ተምረዋል። ጥንቁቅ ሰው ነበሩ። አንድ ፎቶ ከመንካታቸው በፊት ዋናውን ቀድተው ለብቻው ያስቀምጣሉ፤ ባለቤቱ ቢረሳው እንኳ አያጠፉትም።

ማክሰኞ ጠዋት መምህርት ወይንእሸት መጣች። ቅዳሜ ሞጣ ላይ እህቷን ድራ መመለሷ ነው። ሚሞሪ ካርዷን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ጋሼ፣ እህቴ መኪና ውስጥ ሆና በመስኮቱ ያነሣኋት ናት። እዩዋት እስቲ፣ ጉንጯ ላይ ባጃጅ ቆሞባታል!»

«መስታወቱ ነው ልጄ። ደጅ ያለውን ሁሉ መልሶ ያሳያል።»

«ሙሽራው ‹ሚስቴን ከነመናኸሪያው ዳራችሁልኝ› እያለ ይስቅብናል። ባጃጁንም መንገደኛውንም ያጥፉልኝ፤ እሷ ብቻ ትቅር።»

«በይ ከሰዓት ነይ።»

ስትወጣ ፎቶውን አሰፉት። ባጃጁ፣ አንዲት ሻይ ሻጭ፣ ከዚያ በሙሽራዋ ትከሻ በኩል አንድ ረጅም ሰው። የክት ነጠላውን አደግድጎ ቆሟል። እጆቹ ከነጠላው ሥር ናቸው፤ አይታዩም።

ያ ረጅም ሰው ሰማው ነበር። የገዛ ልጃቸው።

አቶ ሣህለ ማርያም ተነሥተው በሩን ዘጉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደሴ የሚባል የሞጣ ከብት ነጋዴ በኅዳር ለሰማው በሬ ሸጦለት ነበር። በሬው ሲጠምዱት የሚተኛ ሆኖ ተገኘ። ሰማው ገበያ መካከል የነጋዴውን ኮሌታ አንቆ፣ «አንተን ሳልቀብር አልቀርም!» ብሎ ሲጮህ ያልሰማ የለም። አባትየው ያን ዕለት፣ «ሁለተኛ ሞጣን እንዳትረግጥ» ብለው አስምለውት ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ከቢቸና የሚመጣው የመጨረሻው አውቶቡስ ሞጣ እንደገባ፣ ደሴ መናኸሪያው አጥር ሥር ተዘርሮ ተገኘ። ጭንቅላቱን ተመትቷል። እሑድ አንዲት ቃል ሳይናገር ሞተ። ሰማው ያን ቅዳሜ ከራት በኋላ ሲገባ፣ «የት ዋልክ?» ቢሉት፣ «አምበር ገበያ» ብሏቸው ነበር።

ኮምፒዩተሩ ፎቶው የተነሣበትን ሰዓት ይናገራል። ወደ እኛ አቆጣጠር ቢመልሱት፣ ቅዳሜ፣ ስድስት ሰዓት ከሩብ።

«አንተ ልጅ» አሉ ብቻቸውን፤ «ከነጠላው ሥር ምን ይዘህ ነው?»

ማውሱን ያዙ። ከመስታወቱ ጥርት ካለው በኩል ቀለም እየቀዱ ልጃቸውን ይሸፍኑት ጀመር። መጀመሪያ እግሩን፣ ቀጥሎ ነጠላውን። ፊቱ ጋ ሲደርሱ አማተቡና ቀጠሉ። ሰው በደጅ ባለፈ ቁጥር እጃቸውን ከማውሱ ያነሡ ነበር።

ሲጨርሱ ሙሽራዋ ብቻዋን ቀረች። ከዚያ በዕድሜያቸው አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ፤ ዋናውን ፎቶ ከኮምፒዩተሩም ከሚሞሪውም አጠፉት።

ወይንእሸት ከሰዓት መጥታ የታተመውን ስታይ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

«ዋናውስ ጋሼ?»

«ቫይረስ በላው፤ ይኼ ግን ተርፏል።»

«ይብላው! ከነባጃጁ ይብላው!» ብላ እየሳቀች ወጣች።

ሐሙስ ሰማው ተያዘ። አባትየው ሊጠይቁት አልሄዱም፤ ሰው ፊት አንዲት ቃል እንዳታመልጠው ፈሩ። ዓርብ አንድ መርማሪ ፖሊስ ፎቶ ቤቱ ድረስ መጣ።

«አባት፣ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ልጅዎ የት ነበር?»

«እዚሁ። መጋረጃ ሲሰቅልልኝ ነው የዋለው።»

«ሞጣ አልሄደም?»

«ሞጣ? ኧረ በስመ አብ! ምን ሊያደርግ?»

መርማሪው ትክ ብሎ አያቸው። «ይረጋጉና ያስቡ። ያን ዕለት ሞጣ መናኸሪያ በር ላይ ነበር የሚል ቃል አለን። አንዲት መምህርት የሙሽራ መኪና ስታነሣ መስታወቱ ሳይዘው አይቀርም ተብሏል። ፎቶው እርስዎ ጋ መጥቷል?»

ለራሳቸው ማስታወሻ ብለው ያተሙትን አውጥተው ሰጡት።

«ይኸው። ከሙሽራይቱ በቀር ሰው ካገኘህበት እኔን እሰረኝ።»

መርማሪው ፎቶውን ወደ ብርሃን አስጠግቶ ብዙ አየው። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ፤ ያዘነ ይመስል ነበር። አቶ ሣህለ ማርያም የሰጡትን ቃል አንብቦላቸው ፈረሙ። እሱ ሲወጣ ደንበኞቻቸው የሚነሡበት በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ።

የመጨረሻው ወሬ የደረሰኝ በመጋቢት፣ ጉዳዩ ችሎት በቀረበበት ዕለት ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ አባትና ልጁ የሰማሁት የለም።

አቶ ሣህለ ማርያም ምስክር ነዎትና ደጅ ይቆዩ ተብለው፣ ክሱ ተነብቦ ካለቀ በኋላ ተጠርተው ገቡ። ሰማው በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆሞ ሲያያቸው ፊቱ በራ። እሳቸው ፊታቸውን አዞሩ። ማሉ። ልጃቸው ያን ቅዳሜ ከቢቸና ንቅንቅ እንዳላለ፣ ሞጣ እንዳልሄደ፣ በፎቶውም ላይ እንደሌለ ተናገሩ።

«አባባ!» ብሎ ጮኸ ሰማው። «ኧረ እውነቱን ንገራቸው! ልታረቀው ሄጄ ነው እኮ!»

ፖሊሱ ክንዱን ይዞ ዝም አሰኘው።

«እውነቱ ይኼው ነው» አሉ አቶ ሣህለ ማርያም፣ ድምፃቸውን ጠንከር አድርገው። «ልጄ ሞጣን አልረገጠም።»

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁና፣ «ደሴ በስድስት ሰዓት እዚህ ቢቸና ተመትቶ ነው በመጨረሻው አውቶቡስ ሞጣ ገብቶ የወደቀው። እንግዲያው ያን ሰዓት እኔ ሞጣ ነበርኩ ያለው ልጅዎ ዋሽቶናል ማለት ነው» አሉ።