የክርኑ ቀዳዳ

ሹራብ ሠሪዋ የሟች ባሏን ሹራብ ስትጠግን ስድስት ዓመት ሆናት። ክርኑ ሲሳሳ ክርኑን፣ አንገትጌው ሲተረተር አንገትጌውን እየቀየረች፣ እሱ ከለበሰው ክር አንድም አልቀረም። ሹራቡ ግን ያው የሱ ነው። መጠገኗን ካቆመች ባሏ ዳግመኛ የሚሞትባት ይመስላታል።

«ይኼ እኮ የወንድሜ ምኑም የለበትም» አለቻት የባሏ እህት። «ተይው በቃ፣ ይለይለት።»

«አንቺስ? ስትወለጂ ይዘሽው ከመጣሽው ሥጋ የቱ ተርፎሽ ነው እህቱ ነኝ የምትይው?»

«ወይ ምላስ! እስቲ አንድ ሳምንት ብቻ አትንኪው።»

ደክሟት ስለነበር እሺ አለች። ሹራቡን ክርኑ ላይ አውራ ጣት የምታሳልፍ ቀዳዳ እንዳለችበት ወንበር ላይ ሰቀለችው። ክሩንና መርፌውን መሳቢያ ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን ለባሏ እህት ሰጠቻት።

ማክሰኞ ቀዳዳዋ ጠበበች። ሐሙስ ተደፈነች።

ቅዳሜ ጠዋት ሹራቡን ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው። አጠላለፉ ቁርጥ የራሷ እጅ ነው፤ ክሩ ግን ቀጭንና ጥቁር ሆኖ አልፎ አልፎ ሽበት አለው። አልደነገጠችም። ጫፉን በጥፍሯ ይዛ ሳብ አደረገችው።

ከጆሮዋ ኋላ አመማት።