ታችኛው መስመር

ነርሷ በብስክሌት ሥራ መሄድ ከጀመረች ወዲህ የከተማውን ሰው ከፊቱ ይልቅ በመኪናው ጀርባ ታውቀዋለች። ታክሲው ምልክት ሳያሳይ ፊቷ ላይ ይቆማል። የቆመ መኪና በር ድንገት ይከፈትባታል፤ ከፋቹ ይቅርታ ከመጠየቁ በፊት በሩ እንዳልተጫረ ያያል። አውቶቡሱ ጭሱን ለቆባት ያልፋል። እሷም ፊቷን በመሀረብ ጠርጋ፣ የሱሪዋን ጫፍ ከሰንሰለቱ አላቅቃ መንገዷን ትቀጥላለች። ይህን ሁሉ ለምዳዋለች።

ያልለመደችው ሰማያዊዋን መኪና ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ዳቦ ቤቱ ጋ ያለው መታጠፊያ ላይ መኪናዋ ከኋላ መጥታ ወደ ጠርዙ ገፋቻት። ከውስጥ አንድ ድምፅ «ወደ ግራ! ወደ ግራ!» እያለ ጮኸ። ነርሷ የመንገዱን ቀኝ ጠርዝ ይዛ ነበር፤ በግራዋ ያለችው መኪናዋ ራሷ ናት። የብስክሌቱ ጎማ ከጠርዙ ድንጋይ ጋር ተላተመና በጉልበቷ ወደቀች። ቀና ስትል መኪናዋ ስትታጠፍ አየች። አንደኛው የኋላ መብራት በቀይ ፕላስተር ተለጥፏል።

ፕላስተሩን የለጠፈችው እሷ ናት። መኪናዋ የአባቷ ናት።

ክሊኒኩ ስትደርስ ባልደረቦቿ ጉልበቷን እያጠቡ ታርጋውን አይታ እንደሆነ ጠየቋት። አላየሁም አለች። በኋላ ትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ ያንኑ ሲጠይቃትም አላየሁም አለች፤ ያን ጊዜ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ። ፖሊሱ አዝኖላት ሻይ ጠጪ ብሏት ሄደ። ሐዘኔታው ከውድቀቱ የባሰ አመማት።

ሥራዋ መንጃ ፈቃድ የሚያወጡና የሚያሳድሱ ሰዎችን ዓይን መመርመር ነው። ግድግዳው ላይ ከትልቅ ወደ ትንሽ የሚወርዱ ፊደላት ያሉበት ሰሌዳ ተሰቅሏል። ታችኛውን መስመር ያላነበበ ከእሷ ማረጋገጫ አያገኝም። ሰሌዳው ጥጉ ተበልቶ ስለነበር፣ ይቀየርልኝ እያለች ዕቃ ግምጃ ቤቱን መነዝነዝ ከጀመረች ከራርማለች። ተሰላፊዎች ከፊታቸው ያለው ሲያነብ ሰምተው እንደሚሸመድዱ ስለምታውቅ፣ ሰውን ከኋላ ወደ ፊት ታስነብባለች። ዘመድ ባለሥልጣን ብላ አትለይም። አምና አባቷ ሊያሳድሱ ሲመጡ እንኳ እንደማንም ሰው ወረፋ አስጠብቃቸዋለች። አባቷ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ገና ሳትጠይቃቸው «ሐ፣ ወ፣ ደ፣ ቸ፣ ገ» ብለው ታችኛውን መስመር ሲወርዱት፣ ተሰላፊው እየሳቀ አጨበጨበላቸው። እሷም በአባቷ ኮርታ ማኅተሙን መታች።

በወደቀችበት ዕለት ከሥራ ስትመለስ አባቷና ታናሽ ወንድሟ ሳሎን ተቀምጠው ነበር። ወንድሟ ለአባቱ ጋዜጣ ያነባል።

«ብስክሌትሽ ዛሬ ያነክሳል» አሉ አባቷ፣ ገና በሩን ሳታልፍ። «ሰንሰለቱን ዘይት አጠጪው።»

ወንድሟ ጉልበቷ ላይ የተጠመጠመውን ፋሻ አየና አንገቱን ደፋ።

ጠዋት መኪናዋን ማን እንደነዳት ጠየቀች። ወንድሟ ወደ አባቱ ተመለከተ።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለ።

«ወደ ግራ ትለኛለህ ደግሞ። ወደ ግራ የት ልግባልህ? ጎማህ ሥር?»

ወንድሟ የጋዜጣውን ጫፍ እያጠፈ ይዘረጋል።

ሰኞ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ሆኖ ሥራ ሊጀምር ነው። ስንት ደጅ ጠንቶ ያገኘው የመጀመሪያ ሥራው ነው። ዝም ብትል የሰው ልጆች ለእሱ ሊሰጡ ነው፤ ብትናገር የእናቷን ልጅ ጉሮሮ ልትዘጋ ነው። ዝምታውማ ከወዲሁ ሁለት ጊዜ አስዋሽቷታል። በመጨረሻ ጠዋት ክሊኒክ እንዲመጣ አዘዘችው። ዓይኑ ደክሞ ከሆነ ይታከማል። ደህና ከሆነ ግን ለመንጃ ፈቃድ ቢሮው ትጽፍበታለች።

በማግስቱ ተሰላፊው ሳይገባ ወንድሟ መጣ። አባቷም ክንዱን ይዘው አብረውት መጡና ኮሪደሩ ላይ ቆዩ። ክፍሉ አዲስ ፕላስቲክ፣ አዲስ ፕላስቲክ ይሸታል። ወንድሟ አንዱን ዓይኑን ሸፍኖ ታችኛውን መስመር ከኋላ ወደ ፊት አነበበ፤ ከዚያም በሌላው ዓይኑ። አንድም አልሳተም።

ነርሷ እስክሪብቶ አነሳች። «ዓይንህስ ከእኔም ይሻላል። እያየኸኝ ነዋ የመጣህብኝ።»

«አዎ» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

የገዛ ወንድሟን ስም መጻፍ ስትጀምር በሩ ተከፍቶ አባቷ ገቡ።

«አትጻፊ፣ ልጄ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ልጁ ጥፋት የለበትም።»

አባት የልጁን ጥፋት መች ያያል አለቻቸው።

«ዓይኔን ተጠራጠርሽው እንዴ? እንግዲያው፣ ሹሟ፣ ምስክሩንም መርምሪ።»

«አባዬ፣ ተው» አለ ወንድሟ እጃቸውን ይዞ። አስለቀቁት። የወንበሩን መደገፊያ በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡና ሳትነግራቸው ግራ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ወንድሟ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

«ሐ፣ ወ፣ ደ፣ ቸ፣ ገ» አሉ አባቷ፣ እንደ አምናው፣ ትንፋሽ ሳይወስዱ። ከዚያ ጭብጨባ እንደሚጠብቅ ሰው ፈገግ አሉ።

ጥጉ የተበላው ሰሌዳ ግን በዚያ ጠዋት ከግድግዳው ወርዶ በሌላ ተተክቶ ነበር።