ከክሯ ያነሰችው መሲ

ሞላሌ ከተማ አንድ የዜሮ ክፍል ውስጥ፣ መምህርት እታገኝ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ክሮች እያየች ጥርሷን ነክሳለች። ከክሮቹ አንዱ ጉድ ሊያፈላባት ነው።

ነገሩ ቀላል ነበር። ሕፃናቱ «እድገትና ለውጥ» የሚለውን ትምህርት የሚማሩት በእጅ ሥራ ነው። መስከረም ላይ እያንዳንዱ ልጅ፣ እናቱ በፈተለችው የበግ ፀጉር ክር ቁመቱን ይለካል። ክሩ ከወለሉ ጀምሮ ሽቅብ ግድግዳው ላይ ይሰቀልና የላይኛው ጫፉ ላይ ልጁ ከወረቀት የቆረጣት ግልገል ትለጠፋለች፤ ስሙም ይጻፍባታል። ግንቦት ላይ ልጁ ተመልሶ ክሩ አጠገብ ይቆማል። ጭንቅላቱ ግልገሏን አልፎ ይታያል፤ ሁሉም ያጨበጭባል።

ክሮቹን የለካችው ከእታገኝ በፊት የነበረችው መምህርት ናት። ጥር ላይ ወደ ደብረ ብርሃን ተዛወረች፤ እታገኝ የካቲት ላይ መጥታ ግድግዳውን እንዳለ ተረከበች። አሁን ግንቦት ነው፤ ዓርብ ልኬቱን ሊያይ ከወረዳ ሱፐርቫይዘር ይመጣል። ሥራዋን ከወደደው ጊዜያዊ ቅጥሯ ቋሚ ይሆናል። ካልወደደው ሻንጣዋን አንጠልጥላ አባቷ ቤት መመለስ ነው፤ አባቷ ደግሞ «ብዬሽ ነበር» ለማለት ከሄደች ጀምሮ ሲጠብቁ ከርመዋል።

ሰኞ ዕለት ልምምድ አደረጉ። ልጆቹ ሁሉ ግልገላቸውን አለፏት። መሲ ተገኘ ብቻ፣ ከግልገሏ አራት ጣት ያህል ዝቅ ብላ ቀረች።

«ቀጥ ብለሽ ቁሚ እንጂ!» ብላ እታገኝ ጮኸችባት።

ልጅቷ ቀጥ ብላለች። ድሮም ፈዛዛ ናት፤ ስሟ ሁለት ጊዜ ካልተጠራ አትሰማም። የዩኒፎርሟ እጅጌ ተጠቅልሎ ተጠቅልሎ ክንዷ ላይ ተቆልሏል።

«ትንሿ መሲ ናታ!» አለች ሰብሊ የምትባል ምላሰኛ ልጅ።

«ሁለተኛ እንዲህ ብትይ ጆሮሽን ነው የምቆነጥጥልሽ» አለቻት እታገኝ። በሰው ቁመት መሳለቅ አትወድም።

ልጅ ወደ ታች አያድግም። ስለዚህ ክሩን የቀየረ ሰው አለ፤ ማን እንደሆነ ለመገመትም አልተቸገረችም።

የመሲ እናት ጌታነሽ፣ ጥቁር ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ፣ በየጠዋቱ ልጇን ታደርሳለች። አድርሳም አትሄድም፤ መስኮቱ ሥር ቆማ ግድግዳውን ታያለች። ለእታገኝ የእግዜር ሰላምታ እንኳ ሰጥታት አታውቅም። አንድ ቀን ጭራሽ ልጆቹ ለእረፍት ሲወጡ ገብታ፣ የመሲን ክር በጣቶቿ ስትዳብስ እታገኝ ደረሰችባት።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ምንም። ክሩን ስጪኝ።»

«የትምህርት ቤት ንብረት ነው!»

«የፈተልኩት እኔ ነኝ» ብላ ገፍትራት ወጣች።

በዚህ አገር ልጅን መለካት የማይወዱ እንዳሉ እታገኝ ታውቃለች። «ሰው የሚለካው ለጉድጓዱ ነው፤ በቁሙ ምን አስለካችሁት?» ብለው እማማ አስካለ ማርያም የልጅ ልጃቸውን ክር አስወርደው ወስደዋል። እሳቸውስ ፊት ለፊት ተናገሩ። ይቺኛዋ ግን ክሩን በረጅም ቀይራ፣ እንጀራዋን ልትዘጋባት አድብታለች።

ዓርብ ወላጆች አግዳሚው ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ልጆቹ በየተራ ቆሙ፤ ተጨበጨበ። የመሲ ተራ ደረሰ፤ ጭብጨባው ቆመ።

«ይቺ ደግሞ ወደ ታች ነው እንዴ የምታድገው?» ብሎ ሱፐርቫይዘሩ ሳቀ።

አብሮት የሳቀ አልነበረም። እታገኝ ደሟ ፈላ።

«ክሩ ተቀይሯል! የቀየረችውም እዚሁ ተቀምጣለች!»

ወላጆቹ አንድ ሳይቀሩ መሬት መሬት አዩ።

«ተይ ልጄ፣ ተይ» አሉ እማማ አስካለ ማርያም።

«አልተውም! ሁላችሁም ታውቃላችሁ!»

«ማወቁንስ እናውቃለን» አሉ አሮጊቷ።

ተማምለዋል ማለት ነው፤ አገር ምድሩ በአንድ መጤ መምህርት ላይ ተባብሯል። እታገኝ ወደ ጌታነሽ ዞረች።

«ወይዘሮ ጌታነሽ፣ በሰው ፊት ይናገሩ። የመሲን ክር የት አደረሱት?»

ጌታነሽ ተነሣች። ሄዳ ልጅቷን ከግድግዳው ሥር አንሥታ አቀፈቻት። ለመጀመሪያ ጊዜ እታገኝን በዓይኗ አየቻት።

«ክሩ የራሷ የመሲ ነው። እሷን ጥር ላይ ቀበርናት፤ ስሟን መቅበር ቢያቅተኝ ታናሿን ላክሁልሽ።»